ከግድግዳው በፊት ችካሉ

ባለፈው ወር ለዓመት ፈቃድ ወደ ቤቴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ልጆቻችን ከተኙ በኋላ፣ ባለቤቴ አንድ ፖስታ አምጥታ ከፊቴ አኖረች። በውስጡ የባንክ ደብተራችን ነበረ። ከደመወዜ እየቀነሰች፣ በዕቁብም እያጠራቀመች በአምስት ዓመት የሰበሰበችው 240 ሺህ ብር ተመዝግቦበታል። «በከተማው ዳርቻ አንድ ገበሬ ከእርሻው ላይ 150 ካሬ ሜትር ቆርሶ ሊሰጠን ተስማምቷል። ጎረቤቶቻችን ገዝተው በሁለት ሌሊት ቆርቆሮ አልብሰው ገብተውበታል። ፈቃድህ ሳያልቅ መልስህን ንገረኝ» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ የእኔ ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ባሏ ግዳጅ ላይ ሳለ ኪራይ ተጨምሮባት፣ ዕቃዋን በጋሪ አስጭና፣ ልጆቿን አስከትላ ከሰፈር ሰፈር ያልዞረች የወታደር ሚስት በመካከላችን ጥቂት ናት። በመማሪያ ክፍል ስለ ሀገር ዳር ድንበር ለማስረዳት የማልቸገረው የፖለቲካ መኮንን፣ በገዛ ቤቴ ስለ 150 ካሬ ሜትር ወሰን በተጠየቅሁ ጊዜ ግን የምለው ጠፋኝ። በማግስቱ የሰጠኋት መልስ ከአካዳሚ ትምህርት የተቀዳ አልነበረም። በልጅነቴ በካርቱም ከተማ፣ አርካዊት በምትባል ሰፈር ካየሁት የተወሰደ ነው። ለሌሎች ቤተሰቦችም ይጠቅም ይሆናል ብዬ እነሆ ጽፌዋለሁ።

አባቴን ያጣሁት ገና በሕፃንነቴ ነው። በ1996 ዓ.ም. እናቴ እኔን የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረች። ካርቱም እንደ ደረስን በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዴም ጥቂት ሳምንታት ሰነበትን። ከዚያም እናቴ በደቡብ ምሥራቅ ካርቱም በምትገኘው በአርካዊት፣ በአንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ሱዳናዊት ቤት ሥራ አገኘች። የሰፈሯ ስም በምሥራቅ ሱዳን፣ በቀይ ባሕር ኮረብቶች ላይ ከምትገኘው ነፋሻማ ከተማ ስም ጋር አንድ ነው። የካርቱሟ አርካዊት ግን ሜዳና አቧራ፣ ፀሐይና ሙቀት ነበረች። ሱዳኖች «ሆሽ» በሚሉት ግቢ ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ተሰጠችን። ሰባት ዓመት የኖርነው በእርሷ ነው።

የቤቱን እመቤት ሰፈሩ ሁሉ «ሐጃ» ይላቸው ነበር። ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ አልጋቸውን ወደ ግቢው ያወጡና ሻይ እየጠጡ የቤታቸውን ታሪክ ይተርኩልን ነበር። ሟች ባላቸው የመንግሥት ጸሐፊ ነበሩ። መንግሥት ቦታውን የመደበላቸው ዕለት በሜዳው ላይ የነበረው አራት የብረት ችካል ብቻ ነው። «ባሌ በችካሎቹ መካከል እየተራመደ፣ ይህ ሳሎን ነው፣ ይህ ማድ ቤት ነው ይለኝ ነበር። እኔ የማየው ግን አሸዋ ነበር» እያሉ ይስቁ ነበር።

በሱዳን ከተሞች የመኖሪያ ቦታ ከእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን ጀምሮ በደረጃ ሲከፋፈል ኖሯል። አንደኛ ደረጃ የሚባለው ሰፊ፣ በድንጋይና በጡብ የሚሠራበት፣ የሊዝ ዘመኑም ረጅም ነው። ሦስተኛው ጠባብ፣ በጭቃም ቢሆን ሊሠራበት የተፈቀደ፣ የሊዝ ዘመኑም አጭር ነው። በካርቱም ስሙ ራሱ «የሦስተኛ ደረጃ ማስፋፊያ» የሆነ ሰፈር አለ። የምናውቃት ዴምም የዛሬውን ቦታዋን የያዘችው እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የአሮጌው ዴም ነዋሪዎች ተነሥተው በፕላን በተሸነሸነ ቦታ ላይ በሰፈሩ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ ደግሞ በመዝገብ ያልሰፈረውን መሬት ሁሉ የመንግሥት አደረገው። ስለሆነም በዚያ ሀገር የመሬት ነገር ከመዝገብ ይጀምራል። ባለይዞታው ከመዝገቡ የሚያወጣው ማስረጃ «ሺሃዳ ባህስ» ይባላል። ሐጃ ይህን ወረቀት በብስኩት ቆርቆሮ ከትተው፣ ቆርቆሮውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከአልጋቸው ሥር ያኖሩት ነበር።

የወረቀቱን ጥቅም የተረዱት በ1980 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያ ዓመት በካርቱም የጣለው ከባድ ዝናብና የተከተለው ጎርፍ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤቶችን አፍርሷል። የሐጃም ቤት ያን ጊዜ ከጭቃ የተሠራ ነበርና ሁለት ክፍላቸው በአንድ ሌሊት ተናደ። «ግድግዳው ሄደ፤ ችካሉ ግን አልሄደም» ይሉን ነበር። ውኃው ሲጎድል ባልና ሚስት በዚያው መስመር ላይ፣ ያለ ክርክርና ያለ ምስክር፣ መልሰው በጡብ ሠሩ።

ነገር ግን ችካል ብቻውን ቤት አይሆንም። ለሐጃ ቤተሰብ መንግሥት ቦታ እንጂ የመሥሪያ ገንዘብ አልሰጣቸውም። ከጎርፉ በኋላ የተጀመረው የጡብ ቤት ያለቀው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በከተማይቱ ዳርቻዎችም ቦታ የተሰጣቸው ሰዎች ቧንቧ ሳይደርሳቸው፣ «ካሮ» በሚሉት የአህያ ጋሪ የሚመጣውን ውኃ በበርሜል እየገዙ ይኖሩ ነበር። ችካሉም ወረቀቱም የሌላቸው ደግሞ የባሰ ደርሶባቸዋል። በ1980ዎቹ ከጦርነትና ከድርቅ ሸሽተው በከተማይቱ ዙሪያ የሠሩት ጎጆ እየፈረሰ ወደ በረሃው ጫፍ ተወስደዋል። ከኦምዱርማን ውጭ ያለውን ሰፈራቸውን «ጀበሮና» ብለው ጠሩት። ትርጉሙ «አስገደዱን» ማለት ነው። እናቴ የውጭ ሀገር ሰው ናትና የቦታ ምደባው እርሷን አይመለከትም ነበር። ስለዚህ ዓይኗ ሁልጊዜ ወደ ሀገሯ ነበር።

ከደመወዟ ያጠራቀመችውን ሁሉ ለወንድሟ ላከች። እርሱም በቅን ልቡና በከተማ ዳር መሬት ገዛላት፤ የገዛውም ፕላን ከሌለው ቦታ ነበር። ቤቱ በሌሊት ተሠራ። ሕዝባችን እንዲህ ያለውን «ጨረቃ ቤት» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶግራፉ አርካዊት ሲደርስ እናቴ በክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ሰማያዊ በር ነበረው። በሁለተኛው ዓመት በዚያ በር ላይ በቀይ ቀለም የመስቀለኛ ምልክት ተደረገበት። መንገድ የሚያልፍበት ቦታ ነበር። ወረቀት አልነበረምና ካሣም አልነበረም። እናቴ ወሬውን በስልክ ሰማች። ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን አደራርቃ ሰማች፣ ስልኩንም ዘጋች፣ ተመልሳም እስከ ማታ አጠበች። ፎቶግራፉን ከግድግዳው ያነሣሁት እኔ ነኝ። በ2003 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ስንመለስ ቤት አልነበረንም።

የሁለቱን ቤቶች ታሪክ አስተያይቶ ለሚመለከት ትምህርቱ ግልጽ ነው። ቤት ከሦስት ነገር ይቆማል፤ በፕላን ከተቀመጠ መሬት፣ ከገንዘብና ከመዝገብ። ሐጃ መሬቱና መዝገቡ ኖሯቸው ገንዘቡ አጠራቸው፤ ዘግይተው ግን ደረሱ። እናቴ ገንዘቡ ኖሯት ሁለቱን አጣች፤ ገንዘቧም ተከትሎ ጠፋ።

የሀገራችንም የቤት ታሪክ ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው እስከ 500 ካሬ ሜትር እንዲይዝ ወሰነ፤ ኪራይንም ቀነሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። ኪራዩ ለድሃው እፎይታ ነበር፤ ነገር ግን አነስተኛው ኪራይ ለጥገናና ለአዲስ ግንባታ የሚበቃ ስላልነበረ፣ ብዙው የቀበሌ ቤት በቆይታ አረጀ። መሬት ነበረ፣ መዝገብም ነበረ፤ ገንዘቡ አነሰ።

ከ1998 ዓ.ም. አንሥቶ የተስፋፋው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ይህን የገንዘብ ጎን ለመሙላት የተጀመረ ነው። በአዲስ አበባ የከተማው አስተዳደር ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቦንድ እየሸጠ የመሥሪያውን ገንዘብ አገኘ፤ ቤቱ በዕጣ ተላለፈ፤ ከቤቶቹም 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ተያዘ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው በ10/90፣ በ20/80ና በ40/60 ሲደራጅ፣ የመጀመሪያው ቁጥር ቆጣቢው የሚያዋጣው፣ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነው የመቶ ድርሻ ነው። ያን ጊዜ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች የወጣው ዕጣ በኮምፒዩተር አሠራሩ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ እንደገና መውጣቱን እናስታውሳለን። ገንዘቡና ሕንፃው እያሉ መዝገቡ ሲታመም የሚሆነው ይህ ነው።

ሦስቱን አንድ ላይ ያስኬደ ሀገር የለም እንዳንል የሲንጋፖር ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 የቤቶች ልማት ቦርድ አቋቋመች፤ በ1966 ለሕዝብ ጥቅም የሚውል መሬት በመንግሥት እጅ የሚገባበትን ሕግ አወጣች፤ ከ1968 ጀምሮ ሠራተኛው ለጡረታ ያጠራቀመውን ቁጠባ ለቤት መግዣ እንዲያውል ፈቀደች። ዛሬ ከአሥር ነዋሪዎቿ ስምንት ያህሉ በዚህ መንገድ በተሠሩ ቤቶች ይኖራሉ። ትንሽና ባለጸጋ ሀገር ናት ቢባል እውነት ነው፤ ሥራዋን ስትጀምር ግን ሕዝቧ በተጣበበ ሰፈርና በጎጆ የሚኖር ነበር።

አሁን ወደ ባለቤቴ ጥያቄ ልመለስ። ታሪኩን ስጨርስላት ዝም ብላ ቆየችና «ያኔ መንገድ የሚያልፍበት ነበረ፤ ይህ ግን ባዶ እርሻ ነው። ማን ያፈርሰዋል?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነበርና በማግስቱ አብረን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሄድን። ባለሙያው የከተማውን ፕላን ዘርግቶ አሳየን። ቦታው ገና በፕላኑ ያልተካተተ የእርሻ መሬት ነው። ነገ መንገድ ይሁን ትምህርት ቤት ወይም የመኖሪያ ሰፈር የሚወስን ሰው አልነበረም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህ ገበሬው የሚፈርምልን ውል በሁለት ሰዎች መካከል የቀረ ወረቀት እንጂ የይዞታ ማረጋገጫ አይሆንም። የከተማ ቦታ በሕግ የሚገኘው በሊዝ፣ በጨረታ ወይም በምደባ ነው፤ ለመኖሪያም የሊዙ ዘመን 99 ዓመት ነው። ባለሙያው በማኅበር ተደራጅተው በዝግ ሒሳብ የሚቆጥቡ ነዋሪዎች ቦታ የሚጠይቁበትን መንገድም አስረዳን።

ስንመለስ ባለቤቴ በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ለወራት ስርቅ ከአከራይ ጋር የምትከራከረው እርሷ ናትና ዝምታዋ አልከበደኝም ብል ሐሰት ይሆናል። «ማኅበሩ ቦታ እስኪያገኝ ልጆቹ ያድጋሉ» አለች በመጨረሻ። መልስ አልነበረኝም፤ ሊያድጉ ይችላሉ። እስከዚያው ግን ኪራያችንን በሕጉ አደረግን። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህን የማታውቅ እህት ካለች ለጎረቤቷም ትንገር።

ሐጃን በተመለከተ አንድ ነገር ይቀረኛል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ በአርካዊት ከቀሩት ጎረቤቶች ጋር ቆይተው፣ በኋላ በመተማ በኩል ወደ ሀገራችን ገቡ። እናቴ ልትቀበላቸው ወረደች። አንድ ቀን በነጠላ ልብስ መጥታ በራቸውን ያንኳኳች ሴት፣ አሁን እሳቸውን ደግፋ ከመኪና አወረደች። ከያዙት ሁሉ የቀረላቸው አንድ የልብስ ጥቅልና ያ የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። የሱዳን ጦር ካርቱምን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. መልሶ ሲይዝ ሐጃ የጠየቁት ግድግዳው እንዴት እንደ ሆነ አልነበረም። መዝገብ ቤቱ ተርፎ እንደ ሆነ ነው የጠየቁት።

ይህን ለባለቤቴ በነገርኳት ማታ የባንክ ደብተሩን ወደ ፖስታው መለሰች። «እሺ፣ ማኅበሩ ውስጥ እንግባ። ነገር ግን የሚጻፈው ሁሉ በሁለታችን ስም ይሁን። አንተ ወታደር ነህ። ክፉ ቀን ቢመጣ ልጆቼ ለአባታቸው ቤት ምስክር ፍለጋ እንዲዞሩ አልፈልግም» አለች። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ፈቃዴ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ፈረምን። ከስሜ ቀጥሎ ስሟ ሰፍሯል። ማኅበራችን ገና ቦታ አላገኘም።