በጣና ዳር ስለሚኖር ጺማም ወፍ

ወደ ባሕር ዳር የሄደ መንገደኛ ዓይኑ በጣና ገዳማትና በደንገሉ ታንኳ ላይ ይቀራል፤ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ቀና ብሎ የሾላውን ቅርንጫፍ ቢመለከት፥ ግንባሩ ቀይ፥ ሆዱ ሽንትርትር የሆነ፥ ከዓይኑ በስተኋላ ነጭ መሥመር ያለበት ጥቁር ወፍ ፍሬ ሲለቅም ያገኛል። ፈረንጆች ይህን ወገን «ባርቤት» ይሉታል፤ ትርጓሜውም ጺማም ማለት ነው፤ በምንቃሩ ሥር እንደ ጺም የቆመ ጠጕር አለውና። ሩፔል የተባለው የጀርመን ሊቅ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1837 ዓ.ም. መልኩን ጽፎ ለዓለም አስታወቀ። አገሩ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ነው፤ ምንቃሩ ጥቁር የሆነው ዘመዱ ግን እስከ ታንዛኒያ ይደርሳል። ጐጆውን የሚሠራው በወፍራም ምንቃሩ የደረቀ ግንድ ፈልፍሎ ነው። ስለዚህ ባላገሩ ለማገዶ ደረቁን ዛፍ ሲቈርጥ፥ ለምለሙን ማትረፉ ቢመሰገንም፥ የዚህን ወፍ ቤት ያፈርስበታል።