ገንዳ ወይስ ሻወር?

አንባቢ ሆይ! ወደ ወላይታ ሶዶ ስትመጣ በመጀመሪያ የሚቀበልህ የዳሞታ ተራራ ነው። ከተራራው ግርጌ አሮጌ ቤቱን የሚያድስ ሰው ባኞ ቤቱ ዘንድ ሲደርስ፣ «ገንዳውና ሻወሩ አንድ ላይ ይሁኑ ወይስ ይለያዩ?» የሚል ክርክር ይነሣል።

ክፍሉ ጠባብ ከሆነ ሻወሩን ከገንዳው በላይ መስቀል ቦታ ያተርፋል፤ ነገር ግን የገንዳውን እርጥብ ጠርዝ መሻገር ለሽማግሌና ለነፍሰ ጡር ያሰጋል። ሰፊ ከሆነ መለየቱ ይሻላል።

ገንዳን መንቀፌ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በወደዱት በአዲስ አበባው ፍልውሃ ሙቁ ውሃ ከመሬት ስለሚፈልቅ መዘፍዘፍ ደግ ነው። በሶዶ ግን ቧንቧው የተቋረጠ ቀን ውሃው በጀሪካን ይመጣል። አንድ ገንዳ 150 ሊትር ያህል ይውጣል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ7 በላይ ነው። ለ5 ደቂቃ ሻወር ግን 45 ሊትር ገደማ፣ ማለት 2 ጀሪካን ከጥቂት ይበቃል። ጀሪካኑን የምትሸከመውም ብዙውን ጊዜ ጥናቷን ትታ የምትወጣ ልጅ ናት።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ግንበኛ ከመጥራትህ በፊት «ውሃውን ማን ይቀዳል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ልጅህ ከሆነች፣ ወለሉን ወደ ፍሳሹ አዘቅዝቀህ ሻወሩን ብቻ አሠራ፤ ገንዳው ይቆይ።