በወንዛዬና በጣና ዳር በድንኳን ያሳለፍነው ሰሞን

በባሕር ዳርቻ ድንኳን ተክሎ፥ ልጆችን በአሸዋ ላይ አጫውቶ፥ ዓሣ ጠብሶ በልቶ መመለስ በውጭ አገር ብዙ ቤተ ሰብ በየዓመቱ የሚያደርገው ነገር ነው። በእኛ አገር ግን ይህን አሳብ ያነሣ ሰው መሳቂያ ይሆናል፤ «ቤት ያለው ሰው ስለ ምን በሜዳ ያድራል?» ይባላልና። ኢትዮጵያ ዛሬ የጨው ባሕር ዳርቻ የላትም። ነገር ግን በጎንደርና በጎጃም መካከል የተኛውን ጣናን የአገሩ ሰው ባሕር ብሎ ይጠራዋል፤ የባሕር ዳር ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ወደ ባሕራችን ሄደን በድንኳን የሰነበትንበትን፥ ከዚያም አስቀድሞ በወንዛዬ ፍል ውሃ የደረሰብንን ለአንባቢዎቻችን ልነግር ወደድሁ።

ደግሞስ በድንኳን ማደር ከእኛ ሕዝብ ይልቅ ለማን ሊያስደንቅ ይገባል? ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ የነገሥታቱ መቀመጫ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ነበረ። ፊታውራሪ፥ ቀኝ አዝማች፥ ግራ አዝማች፥ ደጃዝማች የሚባሉት ማዕርጎች ከዘመቻና ከሰፈር ሥርዐት የወጡ ናቸው፤ ማን በፊት፥ ማን በቀኝ፥ ማን በግራ፥ ማን በደጅ እንዲሆን የሚለዩ ነበሩ። «ሰፈር» የምንለውም ቃል «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ነው። እንግዲህ ድንኳን የመትከል ዕውቀት ከአያቶቻችን ዘንድ ሞልቶ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ግን ድንኳኑን ከገበያ ገዝቼ ዕውቀቱን ሳልይዝ ወጣሁ።

የመንገዱ ምክንያት እናቴ ናቸው። የጕልበታቸው ቁርጥማት ብዙ ዘመን አስቸግሯቸው ስለ ነበረ፥ ሐኪም የሰጣቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ በወንዛዬ ፍል ውሃ ጥቂት ቀን ሊታጠቡ ተመኙ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ደግሞ ባሕር ለማየት ለመኑ። በ2010 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጀመሪያ ሁለቱን አሳብ በአንድ መንገድ ልንፈጽም ተነሣን።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ ወረታ ይደርሳል። ከወረታ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፥ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ይሄዳል። በምዕራብ በኩል እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ለጥ ያለ አገር ፎገራ ነው። ይህን ሜዳ ያየ ሰው ተራራ የሌለበት የጎንደር ምድር መኖሩን ያደንቃል፤ ነገር ግን ሜዳው የተራራ ልጅ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለቱ ወንዞች ከጉና ተራራ ወገን አፈሩን እየተሸከሙ ወርደው በብዙ ዘመን ከባሕሩ አፍ ያከማቹት ደለል ነውና። ጉና ከፍታው ከ4000 ሜትር ያልፋል፤ ጣና ደግሞ በ1786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከዚያ ከፍታ ወደዚህ ዝቅታ የሚወርደው ውሃ በክረምት ጊዜ ከወንዙ አፋፍ ወጥቶ በሜዳው ላይ ይተኛል።

ውሃው የተኛበት ምድር ቀድሞ ከሁሉ ይልቅ ለከብት ግጦሽ ይጠቅም ነበር፤ የፎገራ ላምም በወተቷ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ናት። በ1970ዎቹ ዓመታት ግን ሩዝ ወደ ሜዳው ገባ። ጤፍና ዳጉሳ የሚበሰብሱበት የረጋ ውሃ ለሩዝ የተመቸ ሆነና ገበሬው ጠላቱን አገልጋይ አደረገው። ዛሬ ወረታ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። በመንገድ ዳር ቁርስ ስንበላ እንጀራው ነጣ ብሎ ባየው ጊዜ ባለቤቴ ጠየቀች፤ ከጤፉ ጋራ ሩዝ ተቀላቅሎበት ነበረ። እናቴ «ይህማ የድግስ እንጀራ ይመስላል» ብለው ሁለተኛ አስጨመሩ።

ወንዛዬ በጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው። ከሩቅም ከቅርብም የመጣው በሽተኛ፥ አንዱ በበቅሎ፥ አንዱ በቃሬዛ፥ አንዱ በልጁ ትከሻ ተደግፎ ይደርሳል። የሣር ጎጆ የተከራየ አለ፤ ዳስ የጣለ አለ፤ ሸራ በአራት እንጨት ላይ ወጥሮ ከበታቹ ምድጃውን የጎለተ አለ። ሰው ሁሉ በሕመሙ ይተዋወቃል፤ «እርስዎን ምን ነካዎ?» ተብሎ ሳይጠየቅ የሚውል እንግዳ የለም። ስም የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶችና ወንዶች በየተራቸው ይታጠባሉ፤ የታጠበውም ወዲያው ጋቢውን ተከናንቦ ላቡ እስኪወጣ ይቀመጣል። እናቴ ከመጀመሪያው መታጠብ በኋላ ከአንዲት የእስቴ ባልቴት ጋራ ተጐራብተው ስለ ቡና ጀበና ሲነጋገሩ ባየሁ ጊዜ፥ ውሃው ለጕልበታቸው ምን እንዳደረገ ባላውቅም ለልባቸው የሠራውን አየሁ።

እኔ ግን ከጎጆዎቹ ጭስና ጫጫታ መራቅ ፈለግሁ። ከወንዙ ዳር ወርጄ ነጭ አሸዋ የተነጠፈበት ሰፊ ቦታ አገኘሁ። ጉማራ በግንቦት ከጕልበት የማያልፍ ጥሩ ውሃ ነበር፤ ልጆቹ ጠጠር እየወረወሩ ይጫወቱ ነበር። ድንኳኑን ተክዬ ካስማውን ስመታ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ከአፋፉ ላይ ቆሙ።

«ጌታው፥ ከዚህ አሸዋ ላይ ሊያድሩ ነው?» አሉኝ።

«አዎን፥ አባቴ። ለስላሳ ነው፤ ውሃውም ለልጆቹ ቅርብ ነው» አልኋቸው።

«ውሃው ለእናንተ ቅርብ እንደ ሆነ እናንተም ለውሃው ቅርብ ናችሁ። ጉና ከቀትር ጀምሮ ጠቁሯል» ብለው ወደ ምሥራቅ በበትራቸው አመለከቱ።

ቀና ብዬ አየሁ፤ በበላያችን ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነበረ፤ በሩቅ ብቻ እንደ ጥቁር በርኖስ የመሰለ ደመና ተራራውን ሸፍኖታል። አመስግኜ ሥራዬን ቀጠልሁ። ሽማግሌው ከእኔ ጋራ አልተከራከሩም፤ ዘወር ብለው ወደ እናቴ ሄዱና «እሜቴ፥ ሕፃናቱን እንኳ ከላይ ያሳድሯቸው» አሏቸው።

እናቴ አስጠርተውኝ «ልጄ፥ የአገሩን በሬ በአገሩ ሰርዶ ነው። እኚህ ሰው በዚህ ወንዝ ዳር ሸበቱ፤ አንተ ዛሬ መጣህ» አሉኝ። ልጆቹንና ባለቤቴን ወደ ባልቴቲቱ ጎጆ ወሰዷቸው። እኔ ግን በተማረ ሰው ኵራት ተይዤ ከድንኳኔ አልወጣም ብዬ ብቻዬን ተኛሁ። ኮከቡ ደምቆ ስለ ነበረ፥ ነገ ሽማግሌውን ቡና ጋብዤ በጨዋታ እረታቸዋለሁ እያልሁ ነበር።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። በመጀመሪያ ነጐድጓድ መሰለኝ፤ ነገር ግን አላቋረጠም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተንከባለለ የሚመጣ ድምፅ ነበር። ባትሪዬን ይዤ ብወጣ ማታ ከእኔ ሃያ እርምጃ ርቆ የነበረው ውሃ ከካስማው ደርሷል፤ መልኩም እንደ ጠላ አተላ ደፍርሷል። የቻልሁትን ብርድ ልብስ አንሥቼ በባዶ እግሬ ወደ አፋፉ ሮጥሁ። ከላይ ሆኜ ዘወር ብዬ ባበራ ድንኳኑ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሲንሳፈፍ፥ ከዚያም በጨለማው ውስጥ ሲገባ አየሁ። ልጆቼ ማታ ይተኙበት የነበረው ስፍራ ከድንኳኑ ውስጥ በወንዙ ወገን ያለው ጥግ ነበረ። ይህን በአሰብሁ ቍጥር ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል።

በበላያችን አንዲት ጠብታ አልወረደችም ነበር። ዝናቡ የዘነበው በጉና ላይ ነው፤ ውሃው ግን ያን ሁሉ መንገድ ተጕዞ በጨለማ ደረሰ። ሽማግሌውም በማለዳ መጥተው ባዩኝ ጊዜ አንዲት የተግሣጽ ቃል አልተናገሩም፤ ሁለት ጐረምሶች ጠርተው ወደ ታች ሰደዱልኝ። ድንኳኑን ከእሾህ ቍጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አገኙት፤ ካስማዎቹና አንድ ቋት ዱቄት ግን ወደ ባሕር ሄደዋል። ቡናውን ያፈሉልኝ እርሳቸው ሆኑ።

ሦስት ቀን ሰንብተን ድንኳኑን አድርቀንና ጠግነን ወደ ጣና ወረድን። ከወረታ በስተ ምዕራብ ናበጋ በሚባለው አገር በኩል ወደ ባሕሩ ይደረሳል፤ መንገዱ በበጋ ይሄዳል፥ በክረምት ግን ጭቃና ውሃ ይዘጋዋል። በዚህ ጊዜ ድንኳኑን ከማውረዴ በፊት የከብት እረኞቹን «ባሕሩ እስከ የት ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ ልጅ ሣቀና ከእኛ በስተ ኋላ እጅግ ርቆ ወደሚታይ አንድ የሾላ ዛፍ አመለከተን። ሄጄ ግንዱን ባይ ጭቃው የተወው መስመር አለበት፤ ከቅርንጫፉም ላይ ደርቆ የተንጠለጠለ እንቦጭ አገኘሁ።

የጣና ዳርቻ እንደ ግንብ የቆመ አይደለም። ባሕሩ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሲሆን ጥልቀቱ እጅግ በጐደጐደው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር ያህል ነው። በክረምት መውጫ፥ በመስከረም ወራት፥ ይሞላል፤ ክረምት ሊገባ ሲል ይጐድላል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ በፎገራ ግን ምድሩ እንደ ሰሌን የተዘረጋ ስለ ሆነ ይህች ጥቂት ከፍታ ብዙ ጋሻ መሬት ታለብሳለች። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው እየተከተለ በእርጥቡ ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የበለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከባሕሩ ውሃ ይወስዳል፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ እንቦጭ የሚባለው መጤ አረም በጣና ላይ ታየ። አበባው ሐምራዊ ሆኖ ለዓይን ያማረ ነው፤ ሴት ልጄም ቈርጣ ለእናቷ አምጥታ ነበር። እረኛው ግን «ይህ ነው ታንኳውንም መረቡንም ያሰረብን» አላት፤ አበባውን ከእጇ ጣለችው።

ድንኳኑን ከሾላው በስተ ምሥራቅ ከፍ ባለው ስፍራ ተክለን በዙሪያው ቦይ ቈፈርን። የቤተ ሰብ እናቶች ሊያውቁት የሚገባው ግን ከጐርፉ ይልቅ ትንኙ ነው። ፎገራ የወባ አገር ነው፤ አጎበር ሳይዙ ከዚያ ማደር ልጅን አሳልፎ መስጠት ነው። ፀሐይ እንደ ጠለቀች ልጆቹን ከአጎበሩ ውስጥ አስገባን፤ ተረቱም በዚያው ውስጥ ሆነ። ሁለተኛው ነገር ቢልሃርዝያ ነው። በሣርና በደንገል መካከል በረጋው ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ምክንያት የሚይዝ በሽታ ነውና፥ ልጆቹ ከዳር ገብተው እንዲንቦጫረቁ አልፈቀድሁም። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ሙሉ አኵርፈውኝ ነበር።

ኵርፊያቸውን የፈታው ታንኳ ነው። በማለዳ ጭጋጉ ሳይገፈፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከደንገል በተሠራች ታንኳ ላይ ተቀምጦ ያለ ድምፅ መጣ፤ ሻላዎቹም ከኋላው እንደ አጃቢ ተሰለፉ። ደንገል በልቡ አየር ያለበት ቄጤማ ነው፤ ታስሮ ታንኳ ሲሆን ይንሳፈፋል፥ ጥቂት ጊዜ አገልግሎ ግን ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ አዲስ ይታሰራል። ቆሮሶና አምባዛ ገዛነው። ሰውዬው በጣና ካሉት ዓሦች ብዙዎቹ ክረምት ሲሞላ እንቍላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ሽቅብ እንደሚወጡ ነገረን። ታናሹ ልጄ በዚህ ጊዜ «አባባ ግን ቍልቍል ሊሄድ ነበር» አለ። ባለቤቴ ሣቋን ለመሸሸግ ወደ ምድጃው ዞረች፤ እናቴ ግን አልሸሸጉም።

ሁለት ሌሊት አደርን። በሁለተኛው ማታ ነፋስ ከባሕሩ ተነሥቶ ማዕበሉ እስከ ንጋት ሲመታ ሰማን፤ እኔም ብዙ ጊዜ እየተነሣሁ የቦዩን ዳር በባትሪ አየሁ። ውሃው ከነበረበት አልተነቃነቀም። እናቴ በመጨረሻው «ተኛ እንጂ፤ ለዛሬስ ጠይቀህ ነው የተከልኸው» አሉኝ።

የእናቴ ጕልበት አንዳንድ ጊዜ ይሻለዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ያማቸዋል። ድንኳኑም ከቤታችን አለ፤ የጉማራ ጭቃ ከጠርዙ ታጥቦ አልለቀቀም። የእናቴ ማኅበር ሲደርስ በግቢያችን እንተክለዋለን። ካስማውን መምታት ስጀምር እናቴ ከበረንዳው ላይ ሆነው፥ ከዚያ ተራራም ወንዝም ሳይኖር፥ «ጉና እንዴት ውሏል?» ብለው ይጠይቁኛል።