ቪኤክሱ ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

ሦስት ወር ሙሉ ቤታችን ራት የሚበላው በመኪና ወሬ ነበር። አንደኛው ወገን እኔ ነኝ፤ የ2002 ሞዴል ላንድክሩዘር ቪኤክስ አለኝ፣ ከገዛሁት 13 ዓመት ሆኖኛል። ሁለተኛው ወገን የ25 ዓመቱ የመጨረሻ ልጄ ነው። ቪኤክሱ ይሸጥና ጥቂት ተጨምሮበት ቢዋይዲ ሲል የሚባለው የኤሌክትሪክ መኪና ይገዛ ይላል። ሁለቱንም መያዝ አንችልም፤ ጡረተኛ ነኝ።

ከ20 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ከአዲስ መኪና ጋር በዋጋ መወዳደሩ የሚገርመው ሰው ይኖራል። ነገሩ ወዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌና ትልቅ ሞተር ባላቸው መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አስቀድሞ የገባ ቪኤክስ ያለው ሰው እንደ ወርቅ ይይዘዋል። የእኔ መኪና በየዓመቱ እያረጀ በየዓመቱ ዋጋው ጨምሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ላይ ቢሆን እንዴት ደስ ይል ነበር!

ልጄ ሒሳብ ይወዳል። ቪኤክሱ ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ያህል ናፍታ ይጠጣል። በወር 800 ኪሎ ሜትር ብንነዳ 112 ሊትር ነው፤ ሊትሩ መቶ ብር ካለፈ ወዲህ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለጡረተኛ አይነገርም። የማደያ ሰልፍ አልተቆጠረም። የኤሌክትሪኩ ለዚያው መንገድ 150 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ዘይት አይቀየርለት፣ ቺንጋ አይቀየርለት። በዚህ ላይ ተከራክሬ አላውቅም፤ ልክ ነው።

ከሒሳቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ የልጅ ልጄ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው፣ አስም አለባት። ናፍታ ሞተር ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ሲሞቅ ጭሱ የሚገባው እሷ በምትተኛበት ክፍል መስኮት ነው። ልጄ ይህን አንድ ቀን ብቻ አንስቶ ዝም አለ። ሌላው ክርክሩ ሁሉ ተደምሮ የዚያን ያህል አልከበደኝም።

እንግዲህ ለምን እሺ አላልኩም? መጀመሪያ ስለ ፍጥነቱ ልናገር። ልጄ የመረጠው ባለ ሁለት ሞተሩን ነው፤ ጉልበቱ 530 ፈረስ ሲሆን ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚደርሰው በ3.8 ሰከንድ ነው። የእኔ ቪኤክስ እዚያ ለመድረስ ከአሥር ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፣ እየጮኸ። ናፍታ ሞተር ማርሽ እስኪቀይር፣ ተርቦው እስኪነሣ ለነጂው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው እግር እንደነካው ነው፤ ድምፅም የለው። ክብደቱ ከሁለት ቶን በላይ ነው። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ሰፍቷል፣ አምሯል፤ እናቶች ግን ዛሬም ልጅ አዝለው መሀል ለመሀል ይሻገራሉ። ልጄን ጥሩ ነጂ ነው ብዬ አምናለሁ። 25 ዓመት የሆነው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ማታ ያንን መርገጫ ሲረግጥ ምን እንደሚሰማው ግን ከእሱ በፊት እኔ አውቃለሁ።

«አባዬ፣ እኔን ነው የማታምነው ወይስ መኪናውን?» አለኝ። ሁለቱንም አምናለሁ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ሥጋቴ። ይህን ስነግረው ተነሥቶ ወጣ።

ሁለተኛው እናቴ ናት። 84 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ አይታዘዛትም። በየዓመቱ ለመስቀል ወደ ጉራጌ እንወስዳታለን። እስከ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ ሲሉም በአንድ ቻርጅ ደርሶ ሊመለስ ይችላል። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ያለው የገጠር መንገድ ነው። መስከረም ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም። የሲል ሆድ ከመሬት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ የቪኤክሱ ከ20 ይበልጣል። ቪኤክሱ እናቴን እስከ ጀፎረው ወስዶ ደጅ ላይ ያወርዳታል። መንገድ ላይ የሚቆም መኪና ማለት እናቴ በቃሬዛ ትገባለች ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ «በእግሬ ካልገባሁ አልሄድም» ባይ ናት።

መውጣት መውረዱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ለቪኤክሱ ከኋላ የምንይዛት ትንሽ ዱካ አለች፤ እናቴ እሷን ረግጣ፣ የበሩን እጀታ ይዛ ትወጣለች። ልጄ «ሲል ዝቅ ያለ ስለሆነ ለእማማ ይመቻታል» ሲል አንድ ጓደኛው ዘንድ ወስደን አስሞከርናት። መቀመጡን ተቀመጠች። ለመነሣት ግን ሁለት ሰው አስፈለገ። «ከጉድጓድ እንደወጣሁ ቁጠሩት» ብላ ሳቀች። አዛውንት ወላጅ ያላችሁ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን ሞክሩ፤ የሻጭ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ቻርጁስ? ባለ ሁለት ሞተሩ ሲል ባትሪው 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ቤታችን ካለው ተራ ሶኬት ሁለት ኪሎ ዋት ያህል ቢወስድ፣ ከባዶ ለመሙላት አንድ ቀን ተኩል ያልፋል፤ መብራት ካልጠፋ ነው ታዲያ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለሚነዳ ሰው ይህ ችግር አይሆንም፤ የሌሊቱ ይበቃዋል።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። እናቴ በእግሯ መግባት እስከቻለች ድረስ ቪኤክሱ አይሸጥም። ሲሸጥ የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከፍ ያለና ባለ አንድ ሞተር እንጂ ሲል አይደለም። ልጄ የዚህን ሁለተኛ ክፍል ገና አልተቀበለውም። ባለቤቴ በበኩሏ የራሷን ጨመረች፤ ከዛሬ ጀምሮ ሞተሩ ግቢ ውስጥ አይሞቅም አለች። አሁን ማታ ማታ ቪኤክሱን ከበር ውጪ አቆመዋለሁ፤ ለዘበኛው የምከፍለው ጨምሯል።

ልጄ እንዳኮረፈ ነው። ለዘንድሮው መስቀል ግን ቁልፉን የሰጠሁት ለእሱ ነው፤ ዱካዋንም ከኋላ የጫነው እሱ ነው።