ሳይጠጣ የተነሳው ስኒ

ደሴ በሚገኘው የአያቴ ቤት ዓርብ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ቡናው የእሳቸው ነው፤ ሻዩ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የእኔ ሆኗል። የሻይ ቅጠል ብቻ አፍልቶ ማቅረብ ስለሰለቸኝ ጦስኙን፣ ጠጅ ሳሩን፣ ናናውን፣ ቀረፋውንና ዝንጅብሉን እያፈራረቅሁ መቀመም ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ በአንድ በራድ ውስጥ ስለምጨምር ከሚጣፍጠው የሚመረው ይበዛ ነበር። ቆይቶ ግን እያንዳንዱን ለብቻው አፍልቶ መቅመስ እንደሚሻል ገባኝ። በሰሜን ሸዋና በባሌ ደጋዎች የሚበቅለው ጦስኝ ብዙ ከፈላ ይመራል። ስለዚህ ቀረፋውና ዝንጅብሉ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈላሉ፤ ከዚያ በራዱን ከእሳት አውርዶ ቅጠሉን መጨመር፣ ከድኖም አምስት ደቂቃ መተው ነው። ክዳኑ ከተረሳ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ለአንድ ሊትር ውሃ የጣት ርዝመት ያለው ቀረፋ፣ አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብልና አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ይበቃል።

ዝንጅብሉን ስልጥ፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢንሳን 17ኛ አንቀጽ የጀነት ሰዎች መጠጥ በዝንጅብል የተቀላቀለ እንደሚሆን መናገሩን አስብና ሥራዬ ሁሉ ዒባዳ ይመስለኛል። እውነቱን ልናገርና፣ ይበልጥ ይጥመኝ የነበረው ሙገሳው ነው።

አንድ ዓርብ ከጓሮ አንድ እፍኝ ጤና አዳም ቆርጬ ጨመርኩበት። እንግዶቹ ቀምሰው «ማሻአላህ» አሉ። ካገባች ሁለት ዓመት የሆናት ታናሽ እህቴ ስኒዋን ወደ አፏ ስታስጠጋ አያቴ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። «ይህ ለሷ አይሆንም፤ ወተት አምጪላት» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ምግብን አነውረው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ፣ ካልወደዱት ደግሞ ዝም ብለው እንደሚተዉት ያስተማሩኝ እኚሁ አያቴ ናቸው። ታዲያ የእኔን ሻይ በሰው ፊት እንዴት ያነውራሉ? በልቤ ቂም ይዤ ወጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ ዓርብ ሲመጣ ምክንያት እየፈጠርኩ ቀረሁ። ሰው ሲልኩብኝም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ።

ከዚያ በኋላ እህቴ ነፍሰ ጡር መሆኗን ለቤተሰቡ አበሰረች። ያን ዓርብ ገና ሁለተኛ ወሯ ነበር ለካ! ከዚህ ቀደም አንድ ጽንስ ወርዶባት ስለነበር ፈርታ ለአያቴ ብቻ ነግራ ለማንም እንዳይናገሩ አደራ ብላቸዋለች። ጤና አዳም ደግሞ ማሕፀንን ሊያኮማትር፣ በብዛት ከተወሰደም ጽንስ ሊያስወርድ የሚችል ተክል ነው። አያቴ ይህን ያውቁ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር።

የዚያኑ ዕለት ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። «ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ምስጢሩ የእኔ አልነበረም፣ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ ብትቀየሚኝ እንታረቃለን። አማና ከበላሁ ግን በምን እመልሰዋለሁ?»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 12ኛ አንቀጽ ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ አዞናል። አንቀጹን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ለአንዲት ስኒ ሻይ እንኳ አልሠራሁበትም። እሳቸው የእህቴን ምስጢር ሲሸፍኑ እኔ የእሳቸውን ነውር ስፈልግ ከረምኩ።

አሁንም ዓርብ ዓርብ ሻዩ የእኔ ነው። ጤና አዳም ግን ከበራዱ ወጥቷል። ሻዩን ይዤ ስገባ በውስጡ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ነፍሰ ጡር ወይም መድኃኒት የምትወስድ እህት ካለች፣ ቅጠል ሁሉ ጉዳት የለውም ብላ ከመጠጣቷ በፊት ሐኪሟን ብትጠይቅ ይሻላል። በማርም ባጣፍጠው ዓመት ላልሞላው ሕፃን አላቀምስም። «ይቅርብኝ» የሚለኝ ሰው ካለ ግን ለምን ብዬ አልጠይቅም። ምናልባት የሚጠብቀው አማና ይኖረዋል።

እህቴ በሰላም ተገላግላለች፤ አልሐምዱ ሊላህ። ልጅቷ ዛሬ በረከቦቱ ዙሪያ እየሮጠች ስኒ ትገለብጣለች፤ አያቴም ይስቃሉ። አላህ ልባችንን ከመጥፎ ጥርጣሬ፣ ምላሳችንንም አማናን ከማባከን ይጠብቅልን። አሚን።