ስለ ራኬት አውታር ውጥረትና ስለ ክንድ ልክ

የሰው ልጅ መሣሪያ በሚመርጥበት ጊዜ ሁለት ነገሮች ያስቱታል፤ አንደኛው የመሣሪያው ስም፥ ሁለተኛው መሣሪያውን የያዘው ሰው ዝና ነው። ጀግና የታጠቀውን ሰይፍ የታጠቀ ሁሉ ጀግና የሚሆን፥ ሊቅ የጻፈበትን ብርዕ የጨበጠ ሁሉ ሊቅ የሚሆን ይመስለዋል። ዳሩ ግን ሰይፉም ብርዑም የሚከብደው ወይም የሚቀለው እንደ ያዘው ክንድ ነው። ይህ ስሕተት በታላቁ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በጨዋታም ውስጥ ይታያል፤ እንዲያውም በጨዋታ ውስጥ ሲታይ ጉዳቱ በቶሎ በሥጋ ላይ ስለሚገለጥ ለትምህርት ይመቻል። በሜዳ ቴኒስ ራኬት ላይ የሚወጠረው አውታር ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ነው።

ብዙ ሰው ራኬት ሲገዛ የሚመለከተው ክፈፉን፥ ቀለሙንና ማኅተሙን ነው። ኳሱን የሚመታው ግን ክፈፉ አይደለም፤ ኳሱ የሚያርፈው በአውታሩ ላይ ነው። ያውም አርፎ የሚቈየው አንድ ሰከንድ በ1000 ቢከፈል ከ4 ወይም ከ5 ክፍል ለማይበልጥ ጊዜ ነው። የተጫዋቹ ሩጫና ልምምድ፥ ድካሙና ብልሃቱ ሁሉ ወደ ኳሱ የሚተላለፈው በዚህች ቅጽበት፥ ርዝመቱ 12 ሜትር ገደማ በሆነ ቀጭን ክር በኩል ነው። እንግዲህ ክፈፉን መርጦ አውታሩን ለባለ ሱቁ ፈቃድ የሚተው ሰው፥ የበገናውን እንጨት አስጊጦ ቅኝቱን እንደ ረሳ ሰው ይቈጠራል።

በገናን ማንሣት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሁለቱ አውታር ዝምድና የቈየ ነውና። የእንግሊዝ ሻለቃ የሆነው ዋልተር ዊንግፊልድ በ1874 (ዘመኑ ሁሉ እዚህ የሚቈጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ለዚህ ጨዋታ የባለቤትነት መብት ካወጣ በኋላ፥ በሚቀጥለው ዓመት በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ፒየር ባቦላ የተባለ ሰው ከበግ አንጀት የተከረረ የራኬት አውታር ሠራ። ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን አውታር ከአንጀት የሚያከር ነበረ። በእኛም አገር የአባቶችን ሥርዓት የሚጠብቅ በገና ሠሪ ዐሥሩን አውታር የሚያከረው ከበግ አንጀት ነው፤ ዛሬ በዚያ ፈንታ ናይለን የሚያስር ቢበዛም። የበገና ደርዳሪም አውታሩን ሲቃኝ ለሌላ ሰው ድምፅ አይቃኝም፤ ለራሱ ድምፅ ይቃኛል እንጂ። ከልኩ በላይ ቢያከርረው ይበጠሳል፥ ከልኩ በታች ቢያላላው ይደነዝዛል። የራኬት አውታር ነገርም ከዚህ አይርቅም።

የአንጀት አውታር ለስላሳ ነው፤ ሲመቱት ይሳባል፥ ተስቦም ፈጥኖ ይመለሳል፥ ክንድንም አያስጨንቅም። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፥ እርጥበትም ያበላሸዋል። ስለዚህ በ1935 በአሜሪካ ዋላስ ካሮተርስ ናይለንን ካስገኘ በኋላ፥ ርካሽና ዝናብ የማይፈራ ስለ ሆነ የብዙ ተጫዋች አውታር ናይለን ሆነ። በ1941 ደግሞ ጆን ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ዛሬ ለልብስ የሚሆነውን ፖሊስተር አወጡ። ይህ ነገር በራኬት ላይ ስሙ የገነነው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በ1997 በፓሪስ በሮላን ጋሮስ ሜዳ፥ በዓለም ተራ 66ኛ የነበረው ጉስታቮ ኩኤርተን የተባለ የ20 ዓመት የብራዚል ወጣት፥ ሉክሲሎን ከተባለው የቤልጂግ ፋብሪካ በወጣ የፖሊስተር አውታር ተጫውቶ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹ ተጫዋቾች አንድ በአንድ ወደ ፖሊስተር ተመለሱ።

የተመለሱበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ፖሊስተር ደረቅና ልሙጥ ነው። ኳሱ ሲመታ ቋሚዎቹ አውታሮች በአግዳሚዎቹ ላይ ወደ ጐን ይንሸራተታሉ፤ ኳሱ ሳይለቅም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱም ኳሱን ያሾሩታል። የሚሾር ኳስ ደግሞ መረቡን ከፍ ብሎ ካለፈ በኋላ ወደ ምድር ያዘነብላል። ስለዚህ ብርቱ ተጫዋች ባለ በሌለ ኀይሉ ቢመታም ኳሱ ከመስመር ሳይወጣ ያርፍለታል። ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው ክንዱን እጅግ አፍጥኖ ለሚያዞር ሰው ነው። በዝግታ ለሚመታ ሰው አውታሩ አይንሸራተትም፥ ኳሱም በብዙ አይሾርም፤ ለእርሱ የሚተርፈው ድርቅናው ብቻ ነው።

ድርቅናውም ዋጋ አለው። ከአውታሩ ሳይበርድ የቀረው ንዝረት ወደ እጀታው፥ ከእጀታውም ወደ ክርን ይደርሳል። በክርን ውጭ በኩል ያለው ጅማት ሲደክምና ሲቈስል ሕመሙን ፈረንጆች የቴኒስ ክርን ይሉታል። ስሙ ከጨዋታ ቢወሰድም ሕመሙ የተጫዋች ብቻ አይደለም፤ መዶሻ የሚያነሣ አናጢም፥ ልብስ የሚጨምቅ አጣቢም ያገኘዋል። በ1873 ሩንገ የተባለ የጀርመን ሐኪም ይህን ሕመም ሲገልጥ የጻፈው በጽሕፈት ምክንያት ስለሚመጣ የእጅ ሕመም ነበረ። እንግዲህ ቀን ሲጽፍ የሚውል ጸሓፊ ወይም መምህር፥ ማታ ወደ ሜዳ ወርዶ በደረቅ አውታር ሲመታ ቢያመሽ፥ የእንጀራውን መሣሪያ በመዝናኛው ላይ አስይዞ ይጫወታል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን የልጆች ነገር ነው። ልጁን የሚወድና ተስፋ የሚጥልበት አባት የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ራኬት ወጣሪው ይሄድና፥ «ሻምፒዮኑ የሚጫወትበትን አውታር፥ ሻምፒዮኑ በሚወጥርበት ልክ ወጥርልኝ» ይላል። ገንዘቡን ብቻ የሚመለከት ወጣሪ እሺ ብሎ ይወጥራል። ሙያውን የሚያከብር ወጣሪ ግን፥ «ጌታዬ፥ አውታሩስ የሻምፒዮኑ ይሁን፤ ክንዱ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ያልሰማ አባት ልጁ ከጥቂት ወር በኋላ ክርኑን ይዞ ሲመለስ ስንፍና ይመስለዋል፤ በርታ እያለም ይገሥጸዋል። ልጁም አባቱን ላለማሳዘን ሕመሙን ይሸሽጋል። በዚህ ዐይነት በፍቅር የተገዛ ነገር የሕመም ምክንያት ይሆናል፤ ሕመሙም ከክርን አልፎ በአባትና በልጅ መካከል ይገባል።

የአውታሩ ዐይነት ከተመረጠ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ የውጥረቱ ልክ ነው። በዚህ ላይ የብዙ ሰው ግምት የተገለበጠ ነው፤ አውታር በከረረ ቍጥር ኳሱ በርቀት የሚሄድ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ላላ ያለ አውታር ኳሱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፥ የተቀበለውንም ኀይል አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። የከረረው አውታር ግን እምብዛም ስለማይሰምጥ ኳሱ ራሱ ይጨፈለቃል፤ ኳስ ሲጨፈለቅም ኀይሉን በከንቱ ያጠፋል። ስለዚህ የላላው ያርቃል፥ የከረረው ያሳጥራል። ኳሱ ከመስመር እየወጣ የሚያስቸግረው ሰው ጥቂት ቢያከርር፥ ኳሱ ከመረብ በታች የሚቀርበት ሰው ጥቂት ቢያላላ መልካም ነው። ጥቂት ማለትም በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ የማይበልጥ ነው፤ በአንድ ቀን 4 ኪሎ የለወጠ ሰው የትኛው ለውጥ እንደ ጠቀመው ሊያውቅ አይችልም።

ራኬት ሠሪዎች የውጥረቱን ልክ በክፈፉ ላይ ያትሙታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ22 እስከ 27 ኪሎ ገደማ ነው። ፖሊስተር የሚያስወጥር ሰው ከዚህ ልክ ወደ ታችኛው ወገን ሊያዘነብል ይገባዋል። ቀድሞ ናይለኑን በ25 ኪሎ ያስወጥር የነበረ ሰው ወደ ፖሊስተር ሲሻገር ከዐሥር አንድ እጅ ቀንሶ በ22 ኪሎ ተኩል ቢጀምር ክንዱን ይጠብቃል። የክሩም ውፍረት ይታሰባል፤ 1.20 ሚሊሜትር የሆነው ኳሱን አጥብቆ ይይዛል ነገር ግን ቶሎ ይበጠሳል፥ 1.30 የሆነው ብዙ ጊዜ ይቈያል ነገር ግን ይደርቃል።

ከዚህም ሌላ ፖሊስተር አንድ የተሰወረ ጠባይ አለው። ናይለን ሲያረጅ ይፈተላል፥ ከዚያም ይበጠሳል፤ እርጅናውንም ለዐይን ያሳያል። ፖሊስተር ግን ውጥረቱን ከሁሉ ፈጥኖ እያጣ፥ በመልኩ እንደ አዲስ ሆኖ ይቀመጣል። ከ10 እስከ 20 ሰዓት ከተጫወቱበት በኋላ ባይበጠስም እንዲለወጥ ባለሙያዎች የሚመክሩት ስለዚህ ነው። ገንዘብ ለመቈጠብ ብሎ ፖሊስተር የሚገዛና አንድ ዓመት ሙሉ የማይለውጠው ሰው የሞተ አውታር ይዞ ይጫወታል፤ የቈጠበውንም ለሐኪም ይከፍላል።

በሁለቱ መካከል የምትገኝ መንገድም አለች። በ2022 ጨዋታ ያቆመው የስዊስ ተወላጅ ሮጀር ፌዴረር በቋሚው በኩል የአንጀት አውታር፥ በአግዳሚው በኩል ፖሊስተር አስወጥሮ ይጫወት ነበረ። የዓለም ታላቅ ተጫዋች ሆኖ ሳለ ክንዱን ከደረቁ ነገር በለስላሳው ከጠበቀ፥ በሳምንት ሁለት ቀን የሚጫወት የከተማ ሰው ለስላሳውን ቢመርጥ የሚያፍርበት ምክንያት የለም። በሌላ ወገን ደግሞ የስዊድኑ ብዮርን ቦርግ የእንጨት ራኬቱን በ36 ኪሎ ገደማ ያስወጥር ነበረ። ከውጥረቱ የተነሣ አውታሩ በሌሊት፥ ሰው ሳይነካው፥ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ይበጠስ እንደ ነበረ ይነገራል። እርሱ ይህን የሚችል ክንድ ነበረው፤ ሆኖም አውታሩ እንኳ አልቻለውም።

በአዲስ አበባ ለሚጫወት ሰው ደግሞ አንድ የተለየ ነገር ይጨመራል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ሳስቶ ኳሱ ይበራል። ተጫዋቹም ኳሱን ለመግታት አውታሩን እያከረረ ይሄዳል፤ በዚህም ፖሊስተሩ ከደረቅነቱ በላይ ይደርቃል። የተሻለው መድኀኒት ግን በኳሱ በኩል ይገኛል። የጨዋታው ሕግ ከ1219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። ለደጋ የተሠራውን ኳስ ፈልጎ መግዛት ክንድን በከረረ አውታር ከመቅጣት ይሻላል። ችግሩ ከአየሩ ሲመጣ ቅጣቱን በክርን ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው።

ስለ ውጥረት ልክ የተነገረው ጥንታዊ ምሳሌ በአባቶች ዜና ውስጥ ይገኛል። አንድ አዳኝ አባ እንጦንስን ከወንድሞች ጋር ሲደሰቱ አግኝቷቸው በልቡ ነቀፋቸው። አባ እንጦንስም አሳቡን ዐውቀው ቀስቱን እንዲስብ አዘዙት። ሳበ። ደግመው እንዲስብ አዘዙት፤ ሳበ። በሦስተኛው ጊዜ አዳኙ ቀስቱን ከልክ በላይ ቢስበው እንደሚሰበር ተናገረ። አረጋዊውም የእግዚአብሔር ሥራ እንዲሁ እንደ ሆነ፥ ወንድሞችንም ከልክ በላይ የሚስባቸው ሰው እንደሚሰብራቸው አስረዱት። በዚህ ነገር አዳኙ የተማረው ከገዛ ቀስቱ ነው። ልኩን ያውቅ ነበረ፤ ለቀስቱ የሚያውቀውን ልክ ግን ለሰው አላሰበውም ነበር።

ይህ ዛሬም አልቀረም። የራኬቱን ውጥረት እስከ ግማሽ ኪሎ ድረስ በመሣሪያ የሚያስለካ ሰው፥ ለልጁ ትምህርት፥ ለሠራተኛው ሥራ፥ ለራሱም ዕረፍት ልክ ሳያበጅ ይኖራል። ሲበዛ ማር ይመራል ይባላል። ማላላትም ሲበዛ እንዲሁ ነው፤ ፈጽሞ የላላ አውታር ኳሱን ከአጥር ውጭ ይሰድዳልና። የሚያስፈልገው ተግሣጽን መተው አይደለም፤ የሚሸከመውን ክንድ ዐውቆ መወጠር ነው።

ስለዚህ አስተዋይ ሰው ራኬቱን ለማስወጠር በሄደ ጊዜ የሻምፒዮኑን ስም ከመጥራቱ በፊት ስለ ራሱ አራት ነገር ይመርምር፤ ዕድሜውን፥ የክንዱን ፍጥነት፥ በሳምንት የሚጫወተውን ሰዓት፥ የቈየም ሕመም ቢኖርበት ሕመሙን። ጀማሪና ልጅ፥ ክርኑንም የሚያመው ሰው በናይለን ወይም ቢቻለው በአንጀት ይጫወት። ፖሊስተርን የሚፈልግ በታችኛው ልክ ይጀምር፥ በጊዜውም ይለውጠው። ክርኑ ሲያመው አውታሩን ያላላ፥ ያርፍም፤ ሕመሙም ቢጸና ወደ ሐኪም ይሂድ። አባት የሆነ ደግሞ በየሳምንቱ ልጁን፥ «ልጄ፥ ክንድህን ያምሃልን?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሳይቈጣ ይስማ።