ስለ ዝሆኔ በሽታ

በጎጃም ደጋ፥ በቀይ አፈር አገር፥ ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ ከርስቱና ከከብቱ አስቀድሞ በስውር የሚመረመር ነገር አለ፤ ይኸውም በዘመዶቿ መካከል እግሩ ያበጠ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። አጎቷ ዝሆኔ ያለበት እንደ ሆነ ልጅቱ ምንም ባለሙያ ብትሆን ነገሩ በዚያው ይቀራል። ምክንያቱንም የሚነግራት የለም፤ አጎትዬው ግን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ሕመሙ በብዙው ዓለም የማይታይ ስለ ሆነ ሐኪሞች ራሳቸው ብዙ ዘመን ትንኝ ከምታመጣው ዝሆኔ ጋራ አንድ አድርገውት ኖረዋል። ባላገሩ ደግሞ አንዱ ርግማን ነው ይላል፤ አንዱ እባብ የሄደበትን በመርገጥ፥ ሌላውም ከሕመምተኛ ጋራ በመቀመጥ ይመጣል ይላል። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ግን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲመረምሩ ምክንያቱ የሚረገጠው አፈር መሆኑን ገለጡ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ ሸክላ አፈር እጅግ የደቀቀ ነው፤ በባዶ እግር ለብዙ ዓመት ሲረገጥ በቆዳው ዘልቆ ይገባል፤ ከሥጋ ውስጥ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚመልሱትንም ሥሮች ይጎዳል፤ እግሩም ከጣቶቹ ጀምሮ ያብጣል። ስለዚህ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ አብሮ መብላትም አብሮ መተኛትም አያመጣውም።

ሽማግሎቹ ስለ ዘር የሚሉት ግን ጨርሶ ሐሰት አይደለም። በ2012 በፈረንጆች አቈጣጠር የታተመው የዶክተር ፋሲል ተኮላና የባልንጀሮቻቸው ምርምር ሕመሙ በትውልድ ከሚወረስ ጠባይ ጋራ እንደሚያያዝ አስረድቷል። ስሕተቱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፤ የሚወረሰው ለአፈሩ መሸነፍ እንጂ በሽታው አይደለምና። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያልተለየው ልጅ፥ አባቱ ዝሆኔ ቢኖርበትም፥ ከዚህ በሽታ ይጠበቃል። (የጫማውም ዋጋ ከሰርጉ ጠጅ ያንሳል።)

ለታመመውም ቢሆን ነገሩ አላበቃም። በየቀኑ እግሩን በውሃና በሳሙና ታጥቦ፥ አድርቆ፥ ቅባት ቀብቶ፥ በመጠቅለያ ጨርቅ አጥብቆ ቢጫማ እብጠቱ ይጎድላል፤ ሽታውም ይርቃል። ችግሩ ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ ከገበያ አለመገኘቱ ነው፤ በልኩ የሚሰፋለት ሰው ያሻዋል።

ሽማግሎች ከደጅ በደረሱ ጊዜ እግሩን በጋቢው የሚሸፍነው አጎት ይህን ሁሉ ገና አልሰማም።